ዪንሹ፦ መጽሐፍና አፈር የተሟገቱበት መናገሻ

ዛሬ የምንጓዘው ወደ ቻይና፣ ወደ ሄናን ክፍለ ሀገር ነው። ከአንያንግ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በሁዋን ወንዝ ግራና ቀኝ ዪንሹ የሚባል ስፍራ አለ፤ ትርጉሙ «የዪን ፍርስራሽ» ነው። የሻንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት የመጨረሻ መናገሻ፣ ዪን፣ እዚህ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ13ኛው መቶ ዓመት አንሥቶ መንግሥታቸው በ11ኛው መቶ ዓመት ዡ በተባሉ ሕዝቦች እጅ እስከ ወደቀ ድረስ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተቀመጡበት። ዩኔስኮ በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የምጠቅሳቸው የቅርብ ዘመን ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰምቶ ወደ ዪንሹ የሚሄድ ጎብኚ ምን ያያል? ሜዳ ያያል። የቆመ ዐምድ የለም፣ የተናደ የድንጋይ ቅጥር የለም። ሣር አለ፤ በሣሩ መካከል የቤት መሠረት ምልክቶች አሉ፤ በዘመናችን የታነጹ ጥቂት የእንጨት አዳራሾችና በመስታወት የተከለሉ ጉድጓዶች አሉ። ብዙ ሰው «ለዚህ ነው ይህን ያህል የለፋሁት?» ብሎ ቢመለስ አይፈረድበትም።

የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ቅሬታ መልስ ነው። ዪንሹ የሚጎበኘው ለውበቱ ወይም ለግርማው ከሆነ ቅሬታው ትክክል ነው። እኔ የምለው ግን ዪንሹ የሚጎበኘው ለሌላ ጉዳይ ነው። ይህ ሜዳ አንድ ጥንታዊ መጽሐፍና አፈር ፊት ለፊት ቆመው የተሟገቱበት ችሎት ነው። መጽሐፉ «እንዲህ ያሉ ነገሥታት ነበሩ» አለ፤ ተጠራጣሪዎች «ማን አየ?» አሉ፤ አፈሩ እማኝ ሆኖ ቀረበ። ቃሉን ሲሰጥም መጽሐፉን በአንዱ ነገር ደገፈው፣ በሌላው አረመው፣ ስለ ሦስተኛው ደግሞ መጽሐፉ ጭራሽ ያልሰማውን ተናገረ። የጥንት ታሪክ በምን ይታመናል የሚለው ጥያቄ እንዲህ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ቦታ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም።

በመጀመሪያ፣ ለምን ምንም ነገር ቆሞ እንዳልቀረ እንይ። የሻንግ ሰዎች ቤተ መንግሥታቸውን የሠሩት በድንጋይ አልነበረም። መሠረቱ የተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ አፈሩን በስሱ ያነጥፉታል፣ በመጠቅጠቂያ እየደበደቡ ያጠብቁታል፣ በላዩ ሌላ ንጣፍ ይጨምራሉ፣ እንደገና ይደበድባሉ። እንዲህ እያለ የሚነሣው መደብ በጣም ጠንካራ ነው። በመደቡ ላይ የእንጨት ምሰሶ ይተከላል፤ ግድግዳው የአፈር፣ ክዳኑ የሣር ነው። እንጨቱ ይበሰብሳል ወይም ይቃጠላል፣ ክዳኑ ይረግፋል፣ ግድግዳው በዝናብ ይሟሟል፣ ከዚያም ገበሬ ያርሰዋል። ከ3,000 ዓመት በኋላ የሚቀረው በአፈር ውስጥ ያለ ሌላ አፈር ብቻ ነው፤ ልዩነቱን የሚለየው የሠለጠነ ዓይን ነው። የሠለጠነም ዓይን ይስታል። በ1928 ቁፋሮው ሲጀመር ባለሙያዎቹ እነዚህን ስስ ንብርብሮች አይተው የጎርፍ ደለል መሰሏቸው፤ ከተማዋ በውኃ ተጥለቅልቃ ጠፍታለች የሚል አሳብም ቀረበ። ስሕተቱ የታወቀው ሻንዶንግ ውስጥ ቼንግዝያ በተባለ ቦታ የተጠቀጠቀ አፈር ቅጥር ከቆፈሩ በኋላ ነው። በዚያ የተማሩትን ይዘው በ1931 ወደ አንያንግ ሲመለሱ ጎርፍ ያሉት ነገር የቤተ መንግሥት መሠረት ሆኖ ተገኘ። ከጃፓን ወረራ በፊት ብቻ 53 የሕንፃ መሠረቶች ተለይተዋል። ጎብኚው «የሚታይ የለም» ሲል ቆፋሪዎቹ ራሳቸው በመጀመሪያ የሳቱትን ነው የሚስተው። ያለው ነገር ከእግሩ ሥር ነው።

እዚህ ላይ በዘመናችን ስለ ታነጹት አዳራሾች አንድ ቃል ልናገር። አንዳንዶች «ጥንት ያልነበረ ሕንፃ ማቆም ጎብኚን ማታለል ነው» ብለው ይነቅፋሉ። ነቀፌታው ግማሽ እውነት አለው። የመሠረቱ ስፋትና የምሰሶዎቹ ቦታ ከቁፋሮ የተገኙ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ያለው፣ የጣሪያው ቁልቁለትና የበሩ ጌጥ፣ ግምት ነው። ስለዚህ የሚያይ ሰው ወደ ላይ ከማንጋጠጥ ይልቅ ወደ ታች ይመልከት፤ ምሰሶው የት እንደ ተተከለ የሚነግረው ወለሉ ነው።

አሁን ወደ ሙግቱ እንግባ። ሻንግ ከወደቀ ከ900 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 100 ዓመት አካባቢ፣ በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን ሲማ ቺያን የተባለ የቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ ሺጂ የተባለውን ታላቅ የታሪክ መጽሐፍ አዘጋጀ። በዚያ ውስጥ የሻንግን ነገሥታት በስም በስማቸው፣ ማን ማንን እንደ ተካ ጭምር ዘረዘረ። ቻይናውያን ይህን ዝርዝር ለሁለት ሺህ ዓመት ሲያነቡት ኖሩ። ነገር ግን እናስበው፤ በእርሱና በነገሥታቱ መካከል ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ አለ። በእጁ የነበረው ከቀደሙት የተላለፈ መዝገብ ነው፤ እነዚያ የቀደሙት ከየት እንዳገኙት ማንም ማሳየት አልቻለም። በ1920ዎቹ ጉ ጂዬጋንግ የተባለ ወጣት ሊቅና ጓደኞቹ ብርቱ ጥያቄ አነሡ። የጥንቱ ታሪክ በየዘመኑ ሰዎች እየጨመሩበት እንደ ንብርብር የወፈረ ነው፤ ዘመኑ በራቀ ቁጥር የሚተረከው ነገር እየበዛ የመጣው ስለዚህ ነው አሉ። ብዙዎች ይህን የአባቶችን ታሪክ እንደ መድፈር ቆጠሩት። እኔ ግን የጉ ጂዬጋንግ ጥርጣሬ ለታሪክ የተደረገ ትልቅ ውለታ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም መጽሐፍን ያለ እማኝ አንቀበልም ማለት እማኝ እንዲፈለግ ያስገድዳል።

እማኙ አስቀድሞ መውጣት ጀምሮ ነበር፤ የወጣው ግን በመድኃኒት ቤት በኩል ነው። በሰሜን ቻይና ገበሬዎች ከማሳቸው የሚያወጡትን አሮጌ አጥንት ለባህል መድኃኒት ነጋዴዎች ይሸጡ ነበር፤ «የዘንዶ አጥንት» እየተባለ ተፈጭቶ ይጠጣል። በ1899 ዋንግ ዪሮንግ የተባለው በቤጂንግ የመንግሥቱ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ኃላፊ በእነዚህ አጥንቶች ላይ የተቀረጸው ጭረት ጥንታዊ ጽሕፈት መሆኑን ተገንዝቦ መሰብሰብ ጀመረ። ታሞ ሳለ ከታዘዘለት መድኃኒት ውስጥ አገኘው የሚለው ትረካ ሰው የወደደው ቢሆንም ኋላ ሳያጌጥ አልቀረም፤ በማግሥቱ ዓመት የውጭ ጦር ቤጂንግ ሲገባ ራሱን እንዳጠፋ ግን የታወቀ ነው። የጥንት ዕቃ ነጋዴዎች ገበያቸው እንዳይነጠቅ አጥንቱ የሚወጣበትን ቦታ ደብቀው ሌላ ቦታ ይናገሩ ነበር። ሉዎ ዠንዩ የተባለው ሊቅ በ1908 ምንጩ በአንያንግ አጠገብ ያለችው የሺያውቱን መንደር መሆኗን አረጋገጠ።

አጥንቶቹ ምንድን ናቸው? ባብዛኛው የኤሊ የሆድ በኩል ቅርፊትና የበሬ የትከሻ አጥንት ናቸው። ንጉሡ አንድ ነገር ለማወቅ ሲሻ ሟርተኞቹ በአጥንቱ ጀርባ ትንንሽ ጎድጓዳ ይቦረቡራሉ፣ ፍም ያስነኩታል፣ በፊት ለፊቱ በኩል ስንጥቅ ይወጣል፤ ሞራ እንደሚገለጠው ሁሉ ስንጥቁ ይነበባል። ከሌላው ዓለም ሟርት የሚለየው ቀጥሎ ያለው ነው፤ ቀኑን፣ የጠያቂውን ስም፣ ጥያቄውን፣ አንዳንዴም የሆነውን ነገር በዚያው አጥንት ላይ ይቀርጹታል። ይዘንብ ይሆን? አዝመራው ያምር ይሆን? በዚህ ጠላት ላይ እንዝመት? ንጉሡን ጥርሱን ያመመው ከሙታን አባቶቹ የማንኛው ቁጣ ነው? ለእገሌ አያት ስንት በሬ ይሠዋ? ለሙግታችን ዋናው ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። መሥዋዕቱ ለቀድሞ ነገሥታት በየተራቸው ስለሚቀርብ አጥንቶቹ የነገሥታቱን ስም ከነቅደም ተከተላቸው ይዘዋል። ይህም ለታሪክ ጸሐፊ ተብሎ የተጻፈ አይደለም። ማንም ወደፊት ያነበዋል ብሎ ያላሰበው፣ ለዕለት ሥራ የዋለ ጽሑፍ ነው፤ የሚታመነውም ለዚህ ነው።

በ1917 ዋንግ ጉዎዌይ እነዚህን ስሞች ከሲማ ቺያን ዝርዝር ጋር አስተያየ። ዝርዝሩ በአብዛኛው ልክ ሆኖ ተገኘ። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ተላልፎ የመጣ የነገሥታት ስም ዝርዝር ከአፈር በወጣ አጥንት ሲረጋገጥ የተሰማውን ድንጋጤ መገመት ይቻላል። ለእኔ ግን ከማረጋገጫው ይልቅ እርማቱ ይበልጣል። ሲማ ቺያን ከሥርወ መንግሥቱ ቀደምት አባቶች መካከል ሦስቱን ባው ዲንግ፣ ባው ዪ፣ ባው ቢንግ ብሎ በዚህ ቅደም ተከተል አስቀምጧቸዋል። ዋንግ በሁለት የተለያዩ ስብስቦች ውስጥ የነበሩ ሁለት ስብርባሪዎች የአንድ አጥንት ክፍል መሆናቸውን አስተውሎ ሲገጥማቸው የመሥዋዕቱ ተራ ዪ፣ ቢንግ፣ ዲንግ ሆኖ ተነበበ። መጽሐፉ ተሳስቷል ማለት ነው። ይህ ትንሽ ስሕተት ነው፤ ትንሽነቱ ግን ብዙ ይናገራል። ሲማ ቺያን ስሞቹን ፈጥሮ ቢሆን ኖሮ ከአጥንቱ ጋር ባልገጠሙ ነበር፤ ፍጹም መዝገብ በእጁ ቢኖር ኖሮ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ባልተዛባ። እርሱ ታማኝ ነገር ግን የሚሳሳት አስተላላፊ እንደ ነበር ያወቅነው ከዚህች ስሕተት ነው።

ከነጋዴ የተገዛ አጥንት ግን ደካማ እማኝ ነው፤ ከየት ጉድጓድ፣ ከምን ጋር እንደ ወጣ አይናገርም፤ ሐሰተኛም ብዙ ነበር። ስለዚህ በ1928 አዲስ የተቋቋመው የአካዳሚያ ሲኒካ የታሪክና የቋንቋ ጥናት ተቋም ዶንግ ዙዎቢንን ወደ አንያንግ ላከ፤ በማግሥቱ ዓመት ሊ ጂ መሪነቱን ያዘ። እስከ 1937 ድረስ 15 ጊዜ ተቆፈረ። በ1936 የ13ኛው ዙር ቁፋሮ ሊያበቃ ሲል ዋይ ኤች 127 የሚል ቁጥር የተሰጠው ጉድጓድ ተገኘ፤ ከታች እስከ ላይ በኤሊ ቅርፊት የተሞላ ነው። አንድ በአንድ ለማውጣት ስለማይቻል ዙሪያውን ቆርጠው አፈሩን ከነአጥንቱ በአንድ ሣጥን አሸጉትና ወደ ናንጂንግ ወሰዱት። ሲፈታ 17,096 ቁራጭ ተቆጠረ። በማግሥቱ ዓመት የጃፓን ወረራ ቁፋሮውን አስቆመው።

አሁን አፈሩ መጽሐፉ የማያውቀውን ወደ ተናገረበት እንለፍ። በ1976 ዠንግ ዠንሺያንግ የተባለችው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ የመራችው ቡድን ከቤተ መንግሥቱ መሠረቶች አጠገብ አንድ መቃብር ከፈተ። ጉድጓዱ 5.6 ሜትር በ4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 7.5 ሜትር ያህል ነው፤ ከወንዝ ማዶ ካሉት የነገሥታቱ መቃብሮች ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ነገር ግን እነዚያ ሁሉ ተዘርፈዋል፤ ይህ አልተነካም። በውስጡ 468 የነሐስ ዕቃ፣ 755 ጄድ ከተባለው የከበረ ድንጋይ የተሠራ ቅርጽ፣ ከ6,000 በላይ ዛጎልና ሌላም ብዙ ነበረ። ከመቶ በላይ በሆኑት ነሐሶች ላይ ፉ ሃው የሚል ስም ተቀርጿል። ይህ ስም ለአጥንት አንባቢዎች እንግዳ አልነበረም። ፉ ሃው የንጉሥ ዉ ዲንግ ባለቤት ናት። አጥንቶቹ ለዘመቻ ሠራዊት ስለ ማሰባሰቧ ይጠይቃሉ፤ አንዱ የ13,000 ሰው ጦር ይጠቅሳል። ስለ መውለዷም ይጠይቃሉ፤ ንጉሡ ደግ የሚሆነውን ቀን ተንብዮ፣ ከ31 ቀን በኋላ በሌላ ቀን ስትወልድ፣ ሴት ልጅ ስለ ሆነች «መልካም አልሆነም» የሚል ፍሬ ነገር ተቀርጾ ቀርቷል። ሲማ ቺያን ግን ስሟን አንድ ጊዜም አላነሣም። ጦር የመራችን፣ ንጉሡ ደጋግሞ የተጨነቀላትን ሴት የነገሥታት ዝርዝር ረሳት፤ አፈር ግን ከነንብረቷ ጠበቃት። አንዳንድ ሊቃውንት ስሙ ከአንድ በላይ ለሆኑ ሴቶች ሊውል ይችላል፣ መቃብሩም የኋላ ዘመን ሊሆን ይችላል ብለው ተከራክረዋል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የነሐሶቹ አሠራርና የሸክላዎቹ ዓይነት ግን ከዉ ዲንግ ዘመን ጋር ስለሚስማማ አብዛኛው አጥኚ መቃብሩ የዉ ዲንግ ባለቤት ነው የሚለውን አሳብ ይቀበላል።

ከዚህ የሚከብድ ተቃውሞ አለ። «አጥንቶቹ የንጉሡ ድምፅ ናቸው፤ እማኝ ያላችሁት ራሱ የጉዳዩ ባለቤት አይደለም ወይ?» ይህ እውነት ነው። ጠያቂው ንጉሥ ነው፣ መላሾቹ የንጉሥ አባቶች ናቸው፣ ቀራጮቹ የንጉሥ ሰዎች ናቸው። ገበሬው፣ ነሐስ አቅላጩ፣ ምርኮኛው በገዛ አፉ አይናገርም። ሆኖም አፈር የሚመሰክረው በጽሑፍ ብቻ አይደለም። በፉ ሃው መቃብር ውስጥ አብረዋት የተቀበሩ 16 ሰዎችና 6 ውሾች ነበሩ። ከወንዙ ሰሜን፣ በነገሥታቱ መቃብር ዙሪያ ደግሞ ረድፍ ረድፍ ሆነው የተቆፈሩ የመሥዋዕት ጉድጓዶች አሉ፤ በ1976 ብቻ በተከፈቱት ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ተገኝተዋል፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ተቆርጧል። አጥንቱ ላይ «ይህን ያህል ቺያንግ ይሠዋ?» ተብሎ በቁጥር ብቻ የሚጠቀሱት ከምዕራብ የተማረኩ ሰዎች እንዲህ ያሉት ናቸው። የአንዳንዶቹ አጥንት በኬሚስትሪ ሲመረመር ከሌላ አካባቢ መጥተው ከመገደላቸው በፊት ለዓመታት በከተማዋ መኖራቸው ታውቋል፤ አንድም ቃል ያልጻፉ ሰዎች በአጥንታቸው ይህን ያህል ተናገሩ። በነሐስ ማቅለጫ ስፍራዎች የወጡት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የሸክላ ቅርጽ ማውጫ ስብርባሪዎችም ጽሑፍ የማያነሣውን የእጅ ጥበብ ያሳያሉ። የሻንግን ታላቅነት ብቻ ለማድነቅ ወደ ዪንሹ የሚሄድ ሰው እነዚህን ጉድጓዶች ማለፍ የለበትም። ጽሕፈቱም ግድያውም የአንድ ቤተ መንግሥት ሥራ ናቸው፤ በአንድ አጥንት ላይ አብረው ተቀምጠዋል።

ሌላው ተቃውሞ «ዕቃው የለም እኮ» የሚል ነው። ከጦርነቱ በፊት የወጣው ብዙው ቅርስ ከወራሪ ሲሸሽ ከናንጂንግ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቻይና ተጓጉዞ፣ ኋላም ወደ ታይዋን ተሻግሮ ዛሬ ታይፔይ ነው። 832.84 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ሆውሙዉ የተባለው ባለ አራት እግር የነሐስ ዕቃ ደግሞ ቤጂንግ በብሔራዊው ሙዚየም ይገኛል። ይህን ግዙፍ ዕቃ የመንደሩ ሰዎች በ1939 አውጥተው፣ ጃፓኖች እንዳይወስዱት መልሰው ቀብረው፣ በ1946 እንደገና አወጡት። እውነት ነው፣ ነሐስ ለማየት ብቻ ከሆነ ታይፔይና ቤጂንግ ይበቃሉ፤ በ2024 የተከፈተው አዲሱ የዪንሹ ሙዚየምም ክፍተቱን ብዙ ሞልቶታል። ሙዚየም የማይሰጠው ግን ቦታን ነው። የፉ ሃው መቃብር ከነገሥታቱ ጋር ከወንዝ ማዶ ሳይሆን ከቤተ መንግሥቱ ጎን መሆኑን፣ በላዩም ሕንፃ ቆሞ እንደ ነበር መደቡን በዓይን ሲያዩ ይገባል። ሳይዘረፍ የቀረውም ሌቦች ከማይፈልጉበት ቦታ ስለ ነበር ይመስላል።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ከሁሉም የሚፈትነን እርሱ ነው። ሲማ ቺያን ከሻንግ በፊት ሺያ የተባለ ሥርወ መንግሥት እንደ ነበረም ጽፏል። «ስለ ሻንግ እውነቱን ከተናገረ ስለ ሺያም መታመን አለበት» የሚሉ ብዙ ናቸው። ክርክሩ ጉልበት ያለው ቢመስልም እኔ አልቀበለውም። በአንድ ጉዳይ እውነት የመሰከረ ሰው በሌላው ጉዳይ ሳይጠየቅ አይለቀቅም፤ ሦስቱን ባውዎች ያዛባው ብዕር ከዚያ ለራቀው ዘመን ምን መዝገብ ነበረው? በ1959 ሹ ሹሸንግ የሺያን ዱካ ፍለጋ ሄናንን ሲያስስ በሉዎያንግ አቅራቢያ ኤርሊቶው የተባለ ስፍራ ላይ ደረሰ። በዚያ ከዪንሹ የሚቀድሙ የተጠቀጠቀ አፈር ቤተ መንግሥቶች፣ የነሐስ ዕቃዎችና ከሁለት ሺህ በሚበልጡ የቱርኩዋዝ ቁራጮች የተሠራ ዘንዶ ተገኝተዋል። ብዙ ቻይናውያን ሊቃውንት ይህ የሺያ መናገሻ ነው ይላሉ፤ ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን ስሙን የሚነግረን ጽሑፍ ከኤርሊቶው አልወጣም። በሸክላ ላይ የተገኙት ጭረቶች እንደ ዪንሹ አጥንት አይነበቡም። የዪንሹም አጥንት ቢሆን ተነብቦ አላለቀም፤ ከ4,500 ያህል የተለያዩ ምልክቶች ትርጉማቸው የታወቀው ሲሦ ያህሉ ነው፤ በአንያንግ ያለው የቻይና ጽሕፈት ብሔራዊ ሙዚየምም አንድ ያልታወቀ ምልክት በማስረጃ ለሚፈታ ሰው 100,000 ዩዋን ሽልማት አቅርቧል። ከ1928 አንሥቶ በአንያንግ የተቆፈረው ሁሉ ያጸናው ሕግ አንድ ነው፤ ስም ያለው መጽሐፍና ስም የሌለው ፍርስራሽ የሚገናኙት በተጻፈ ማስረጃ ነው። የሻንግ ጉዳይ እንዲህ ባለ ማስረጃ ተወስኗል፤ የኤርሊቶው መዝገብ ግን ገና ክፍት ነው፣ ቁፋሮውም እንደ ቀጠለ ነው።